መስከረም ላይ የሚደክም ቡድን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቤዝቦል አጨዋወት ለቀረበ አንድ ጥያቄ ባጭሩ ከመለስኩ ወዲህ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከኮምቦልቻ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። እግር ኳስ በነገሠበት አገር ሌሊት እየተነሣ ቤዝቦል የሚያይ ሰው ይህን ያህል ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ይህ ፍቅር ባሕር ማዶ ካለ ወንድም፣ እኅት ወይም አክስት የወረሱት መሆኑን ነግረውኛል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ማለትም ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡድናቸው መሸነፍ ሲጀምር በሚይዛቸው ጭንቀት ላይ ስለሆነ፣ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥቻለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ፣ በመልሶቼ ውስጥም ወራቱ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር ሲሆን ዕድሜዬ 24 ዓመት ነው። ሚሺጋን የምትኖረው አክስቴ የዲትሮይት ታይገርስን ኮፍያ ከላከችልኝ ጊዜ ጀምሮ የዚህ ቡድን ደጋፊ ሆኜ ቀርቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ ቡድኔ ክሊቭላንድ ጋርዲያንስን በ15 ተኩል ጨዋታ (ተኩሉ የሚመጣው ሁለቱ የተጫወቱት ጨዋታ ብዛት እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው) ይመራ ስለነበር ምድቡን እንደሚወስድ አልተጠራጠርሁም። መስከረም ሲጠባ ግን ሽንፈት በሽንፈት ላይ ተደራረበ። የደመራ ዕለት ጓደኞቼ ችቦ ሲያበሩ እኔ ስልኬ ላይ ሠንጠረዡን ስመለከት አመሸሁ። በመስቀል ማግስት ውድድሩ ሲጠናቀቅ ክሊቭላንድ በአንድ ጨዋታ በልጦ ምድቡን ወሰደ። ዘንድሮም ነሐሴ ሲጋመስ ያው ፍርሃት ያዘኝ፤ እናቴ «የፈሩት ይደርሳል» እያለች ትተርትብኛለች። በመጨረሻው ወር የሚሸነፍ ቡድን ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከዋናው ውድድር በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ፣ ቢገባም ተስፋ የለውም የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አባባሉ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣህ ደግሞ ሐሰተኛው ግማሽ ነው። በመጨረሻው ወር መሸነፍ ቡድንን በእርግጥ የሚጎዳው በሠንጠረዡ ላይ የነበረውን ቦታ ሲያስነጥቀው፣ ወይም ሽንፈቱ የመጣው ኳስ ከሚወረውሩት ሰዎች ክንድ ሲሆን ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ውጪ የሆነ ሽንፈት ደጋፊውን ያሳምመው እንደሆነ እንጂ፣ ጥቅምት ላይ ስለሚሆነው ነገር የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

በቦታው እንጀምር። ከ2022 ወዲህ በሚሠራበት ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ ካደረገ በኋላ ከሁለቱ ሊጎች ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ቡድኖች ፕሌይኦፍ ይገባሉ። በየሊጉ ካሉት ሦስት የምድብ አሸናፊዎች ውጤታቸው የላቀው ሁለቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ፤ የቀሩት አራቱ ግን ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት አጭር ግጥሚያ ይለያያሉ፣ ጨዋታዎቹም ሁሉ የሚካሄዱት በተሻለው ቡድን ሜዳ ነው። ዲትሮይት ውድድሩን የጨረሰው 87 አሸንፎ 75 ተሸንፎ ሲሆን ክሊቭላንድ 88 አሸንፎ 74 ተሸንፏል። ስለዚህ በዚያ መስከረም ቡድንህ የተነጠቀው በሜዳው የመጫወትን ዕድል ነው። የመጀመሪያውን ዙር መዝለል ግን በዚያ ውጤት ምድቡን ቢያሸንፍ ኖሮም አያገኘውም ነበር፤ የሌሎቹ ሁለት ምድቦች አሸናፊዎች ቶሮንቶና ሲያትል ከሁለቱም ይበልጡ ነበርና።

እንግዲህ «አለቀለት» የተባለው ቡድን ክሊቭላንድ ድረስ ሄዶ ምን አደረገ? የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለተኛውን 6 ለ 1 ተሸነፈ፤ ሦስተኛውን 6 ለ 3 አሸንፎ ምድቡን የነጠቀውን ቡድን ከውድድር አስወጣው። ቀጥሎ ከሲያትል ማሪነርስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ ድረስ ተናነቀ። ያ አምስተኛ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ተጀምሮ፣ ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) አልበቃው ብሎ 15 ኢኒንግ ደርሶ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሲያትል 3 ለ 2 አሸናፊነት አበቃ። አንተም አይተኸው እንደሆነ ያን ጠዋት ቁርስ እንዳልበላህ እገምታለሁ። ቡድንህ የቀረው በአንዲት ነጥብ ነው፤ መስከረም ላይ የሞተ ቡድን ጥቅምት ላይ 15 ኢኒንግ አይቆምም።

ይህ ለዲትሮይት የመጀመሪያው አይደለም። በ2006 የአንተው ቡድን አብዛኛውን ወቅት ሲመራ ከርሞ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ፣ ምድቡን በመጨረሻው ቀን ለሚኒሶታ አስረከበ። በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ምድባቸውን ላላሸነፉ በተተወው በር፣ ከገባ በኋላ ግን በጨዋታ ብዛት ኒው ዮርክ ያንኪስን 3 ለ 1፣ ኦክላንድን ደግሞ 4 ለ 0 አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች ለዋንጫ የሚገጥሙበት ፍጻሜ፣ ደረሰ። እዚያ የገጠመው ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስም እንደዚሁ እያነከሰ የመጣ ነበር፤ መስከረም መገባደጃ ላይ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ምድቡን ለጥቂት አተረፈ፣ በጠቅላላው ያሸነፈውም 83 ጨዋታ ብቻ ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ በሁለት አንካሶች መካከል ሆነና ካርዲናልስ 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ቀደም በ2000 ያንኪስ ከመጨረሻዎቹ 18 ጨዋታዎች 15ቱን ተሸንፎ ፕሌይኦፍ ከገባ በኋላ ዋንጫውን አንሥቷል። ይህን የምዘረዝረው ሽንፈት መልካም ነው ለማለት አይደለም። የመስከረም ሽንፈት ብቻውን ፍርድ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቡድኖች ዋንጫ ባላነሡ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በቤዝቦል ወርዋሪው ከቆመበት ጉብታ እስከ መቺው ድረስ ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ ይህን ርቀት ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ መቺው ለመምታት የሚወስነውም በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው። ስለዚህ የወርዋሪው ክንድ ሲደክምና ኳሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀንስ፣ ለእኛ ለተመልካቾች ልዩነቱ ባይታየንም ለመቺው የሰማይና የምድር ያህል ይሰፋለታል። ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ ቢበዛ መቶ ያህል ኳስ ወርውሮ ይወጣና በአብዛኛው አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እንዲህ ሲወረውር የከረመ ክንድ መስከረም ላይ ቢዝል አይፈረድበትም።

በ1964 ፊላዴልፊያ ፊሊስ 12 ጨዋታ ሲቀረው በስድስት ተኩል ጨዋታ እየመራ ሳለ አሥር ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ሁሉን አጣ። አሠልጣኙ ጂን ማውክ ያን ጊዜ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይወሳል፤ ሁለቱን ምርጥ ወርዋሪዎቹን ጂም በኒንግንና ክሪስ ሾርትን ሁለት ሁለት ቀን ብቻ እያሳረፈ መላልሶ አሰለፋቸው። ከጭንቀት የመጣ ውሳኔ ነበር፤ የደከመን ክንድ ይበልጥ አደከመው። ወንድሜ፣ ልትፈራ የሚገባህ እንዲህ ያለውን ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ስነዳ ነው። በ2012 የከተማይቱ ቡድን ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ በሊጉ አንደኛ የነበረ ቢሆንም፣ ክንዱ ከሁለት ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና የተጠገነለትን ስቲቨን ስትራስበርግን 159 ኢኒንግ ከሲሶ ከወረወረ በኋላ መስከረም ሲገባ «ይበቃሃል» ብሎ አስቀመጠው። ያን ሰሞን ታክሲዬ ውስጥ የገባ ተሳፋሪ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ይከራከር ነበር። ቡድኑ በአምስተኛው ጨዋታ ካርዲናልስን 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ሲሸነፍ ያዳመጥሁት በራዲዮ ነው፤ መኪናዬን ከመንገድ ዳር አቁሜ፣ የኋላ መብራቱን ሳላጠፋ። ስትራስበርግ ቢኖር ኖሮ ያሸንፉ ነበር ወይ ብትለኝ አልምልም። በ2019 ግን ያው ቡድን ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ከተነሣ በኋላ ዋንጫውን ወሰደ፤ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ተብሎ የተመረጠውም ስትራስበርግ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ መስከረም ላይ ቡድንህ ቢሸነፍ ውጤቱን ከማየትህ በፊት ማን እንደወረወረ ተመልከት። በስርጭቱ ላይ የእያንዳንዱ ኳስ ፍጥነት በማያ ገጹ ጥግ ይጻፋል። ያው ወርዋሪ በሰኔ በመጀመሪያው ኢኒንግ ስንት ይወረውር እንደነበረ፣ አሁን በአምስተኛው ኢኒንግ ስንት እንደሚወረውር አስተያይ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ከመግባት ይልቅ ከፍ ከፍ እያለ መምጣት ከጀመረ፣ መቺዎቹም ቀድሞ ይስቱት የነበረውን ኳስ ከመስመር ውጪ እያወጡ ሌላ ኳስ ሌላ ኳስ የሚያስወረውሩት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጭንቀትህ ምክንያት አለው። ተሸናፊው ተራ በተራ ጨዋታ ከሚጀምሩት ወርዋሪዎች የመጨረሻው፣ አምስተኛው፣ ከሆነ ግን ተረጋጋ። በፕሌይኦፍ የዕረፍት ቀን ስለሚበዛ ቡድኖች በሦስት ወይም በአራት ጀማሪ ወርዋሪ ይዘልቃሉ፤ ያ ሰው ጥቅምት ላይ ጨዋታ ላይጀምር ይችላል። መስከረም ላይ ደግሞ የተጫዋቾች ቁጥር ከ26 ወደ 28 ከፍ እንዲል ስለሚፈቀድ፣ ማለፉን ያረጋገጠ ቡድን ዋናዎቹን አስቀምጦ በተጠባባቂዎች ሲጫወት ልታይ ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2025 ዲትሮይት ከዘመኑ ምርጥ ወርዋሪዎች አንዱ የሚባለው፣ ታሪክ ስኩባል የተባለ ተጫዋች ነበረው፤ ክሊቭላንድ ላይ በመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ጨዋታ 14 መቺዎችን፣ ሲያትል ላይ በአምስተኛው ጨዋታ 13 መቺዎችን በሦስት በሦስት ስትራይክ አሰናብቷል። እርሱም ቢሆን መስከረም ውስጥ በክሊቭላንድ ሜዳ አንዲት የቀዘቀዘች ኳስ አንሥቶ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ሊወረውር ሲል ስቷታል። ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ያደርጋል፤ ክንዱ ግን ጤነኛ እንደነበር ጥቅምት አሳየን።

ጥያቄ፦ እኔ ሐይቅ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ። ልጄ ከሎስ አንጀለስ እየደወለ ስለ ዶጀርስ ይነግረኛል። ይህ ቡድን በ2022 111 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ በአራት ጨዋታ ብቻ ከፕሌይኦፍ መሰናበቱን ሰማሁ። ስድስት ወር የተደከመበት ብልጫ በአንድ ሳምንት የሚጠፋ ከሆነ፣ መስከረም ላይ መሸነፍ ወይም ማሸነፍ ምን ትርጉም አለው? ሂሳቡ አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ መምህር፣ ያሸነፈው ሳንዲያጎ ፓድሬስ ነበር፤ በዋናው ውድድር ያሸነፈው 89 ጨዋታ ሲሆን ዶጀርስን ያስወጣው 3 ለ 1 በሆነ ውጤት ነው። ሂሳቡ የማይዋጠው እኛ በእግር ኳስ ዓይን ስለምናየው ይመስለኛል፤ ቤዝቦል ግን ጠንካራው ደካማውን ዘወትር የሚያሸንፍበት ጨዋታ አይደለም። የዓመቱ ምርጥ የሆነው ቡድን እንኳ ከአሥር ጨዋታ ሦስት ወይም አራት ይሸነፋል።

ይህን ለመሞከር ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። በአንድ ከረጢት ውስጥ ስድስት ባቄላና አራት ሽምብራ ያስገቡ፤ ባቄላው ድል፣ ሽምብራው ሽንፈት ይሁን። ሳያዩ አንድ ያውጡ፣ ይመዝግቡ፣ መልሰው ያስገቡ፣ ያነቃንቁ፣ እንደገና ያውጡ። በዚህ መንገድ 20 ጊዜ ቢያወጡ በአማካይ 12 ባቄላ ያገኛሉ። ነገር ግን ስምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ባቄላ የሚያገኙበት ዕድል ከመቶ ስድስት ያህል ነው። በ162 ጨዋታ ውስጥ ጎን ለጎን የተያያዙ 20 ጨዋታዎች የሚመረጡባቸው ብዙ ቦታዎች ስላሉ፣ እንዲህ ያለ መጥፎ ሰሞን በዓመት አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ብቻ ቢመጣ የሚያስገርም አይሆንም። ከረጢቱ አልታመመም፤ ባቄላውም አልቀነሰም። ያ ሰሞን ሚያዝያ ላይ ሲውል ማንም ልብ አይለው፤ መስከረም ላይ ሲውል ግን አገር ይረበሻል።

ፕሌይኦፉንም በዚሁ ከረጢት ያስሉት። ስድስት ባቄላ ያለው ቡድን ሦስት ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 68 ያህል ነው፤ አራት ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ደግሞ ከመቶ 71 ያህል። የመጀመሪያውን ዙር ዘሎ የገባ ቡድን አንዱን ዓይነት አንድ ጊዜ፣ ሌላውን ሁለት ጊዜ ማለፍ ስላለበት ሦስቱን ያባዙ፤ የሚያገኙት ከመቶ 34 ነው። ይህም ማለት በእያንዳንዱ ጨዋታ ከተጋጣሚው በግልጽ የሚበልጥ ቡድን እንኳ ዋንጫውን የሚያነሣው ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዙር የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ይህ ራሱ ሁለት ቀድሞ የማሸነፍ ዕድሉ በሆነው በ0.648 ይባዛና ከመቶ ወደ 22 ይወርዳል። መስከረም ላይ ማሸነፍ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ያችን አንድ ተጨማሪ ማባዣ ያስቀራል።

እርግጥ ነው፣ ከረጢቱ የማያውቀው ነገር አለ። በእውነተኛው ጨዋታ ማን እንደሚወረውር ሲለወጥ የባቄላው ቁጥርም በየቀኑ ይለወጣል፤ ለዚህም ነው ለደሴው ወጣት ስለ ክንድ ያን ያህል ያስረዘምሁበት። እርስዎ ግን ልጅዎ ሲደውል የማባዣውን ነገር ቢነግሩት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው የምጽፈው፤ ስታዲየሙ ከቤቴ ብዙ አይርቅም። የአርሰናል ደጋፊ ስሆን በቅርቡ ደግሞ በጓደኛዬ ግፊት ቤዝቦል መከታተል ጀምሬአለሁ። በ2023 ጸደይ የደረሰብንን ያውቃሉ። የቤዝቦል ደጋፊዎች መስከረም ላይ የሚጨነቁት ጭንቀት ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት አይደለምን?

መልስ፦ ስሜቱ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም። አርሰናል በዚያ የውድድር ዓመት 248 ቀን ሠንጠረዡን መርቶ፣ ሚያዝያ ላይ ከሊቨርፑል፣ ከዌስትሃምና ከሳውዝሃምፕተን ጋር በተከታታይ አቻ ወጥቶ፣ በማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 ሲሸነፍ ያጣው ዋንጫውን ራሱን ነው፤ በእንግሊዝ ሊግ ሠንጠረዡ የመጨረሻው ዳኛ ነውና። በቤዝቦል ግን ሠንጠረዡ በር ጠባቂ ነው፤ ካስገባህ በኋላ ስለ አንተ የሚያውቀው ነገር የለም።

ድሮ ቤዝቦልም እንደ እንግሊዝ ሊግ ይቀርብ ነበር። እስከ 1968 ድረስ በየሊጉ አንደኛ የወጣው ብቻ በቀጥታ ወርልድ ሲሪስ ስለሚገባ፣ ከላይ የጠቀስሁት የ1964ቱ ፊላዴልፊያ በአንድ ጨዋታ ሲቀደም ሌላ የሚገባበት በር አልነበረውም። የእናንተን ሕመም በሚገባ የሚረዳው የዚያ ዘመን ደጋፊ ነው። ዛሬም ቢሆን ጭራሽ ከበሩ ውጪ የሚቀር አለ፤ ቦስተን ሬድሶክስ በ2011 መስከረም ሲገባ በዋይልድ ካርድ ፉክክር ታምፓን በዘጠኝ ጨዋታ እየመራ፣ በዚያ ወር ካደረጋቸው 27 ጨዋታዎች 20ውን ተሸንፎ በመጨረሻዋ ሌሊት ወጣ። እሱ በባልቲሞር 4 ለ 3 ከተሸነፈ ከደቂቃዎች በኋላ ታምፓ በ12ኛው ኢኒንግ በሆም ረን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር ማዶ በተመታ ኳስ፣ አሸነፈ። አርሰናልን ለሚደግፍ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን ወንድሙ ሲያትል ስለሚኖር የማሪነርስ ደጋፊ ነው። «ለሱብሂ ልነሣ» ብሎ ይነሣል፤ ሰግዶ ሲጨርስ ግን ወደ መኝታው አይመለስም፣ ስልኩን ይከፍታል። አምና ቡድኑ ሲያሸንፍ የለበሰውን ሸሚዝ ሽንፈት እንዳይመጣ ብሎ እንዳላጥበው ከለከለኝ። «ቡድን ፕሌይኦፍ ሲገባ በሙቀቱ መግባት አለበት፤ ቀዝቅዞ የገባ ቀዝቅዞ ይወጣል» ይላል። ሙቀት የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ ወይስ ሸሚዙን ልጠበው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለቤትዎ እንዲህ የሚያስበው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 ሲያትል መስከረም ውስጥ ከ18 ጨዋታ 17ቱን አሸንፎ ምድቡን ወሰደ፤ ዲትሮይትን ካስወጣ በኋላም ወርልድ ሲሪስ ለመግባት አንድ ድል እስኪቀረው ድረስ ተጓዘ፤ በሰባተኛው ጨዋታ በቶሮንቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ እንጂ። ዋሽንግተንም በ2019 የመጨረሻዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፎ ገብቶ ነው ዋንጫውን የወሰደው።

ተቃራኒውን ግን ባለቤትዎ አይነግርዎትም። በ2007 ኮሎራዶ ሮኪስ ከ22 ጨዋታ 21ዱን አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት አላውቅም። ስምንት ቀን ያለ ጨዋታ ተቀምጦ ከጠበቀ በኋላ በቦስተን 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከላይ የጠቀስኋቸው የ2000 ያንኪስና የ2006 ካርዲናልስ ደግሞ በረዶ ሆነው ገብተው ዋንጫ ይዘው ወጥተዋል። ሲያትል ራሱ በ2001 116 ጨዋታ አሸንፎ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲፋጅ ከርሞ፣ ወርልድ ሲሪስ ሳይደርስ በያንኪስ 4 ለ 1 ተሰናብቷል። በእኔ አስተያየት ሙቀት ተብሎ የሚጠራው ነገር በአብዛኛው ወርዋሪዎቹ ጤነኞች መሆናቸው ነው፤ ጤነኛ ክንድ ያለው ቡድን ይሞቃል፣ ክንዱ የዛለ ይቀዘቅዛል፣ ሸሚዙ ከዚህ ውስጥ የለበትም።

ባለቤትዎን ግን አይሳቁበት፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከእሱ ይብሳሉ። ዌድ ቦግስ የተባለው ታዋቂ መቺ በየጨዋታው ቀን ዶሮ ካልበላ ሜዳ አይገባም ነበር። ይህን ለባለቤትዎ ከመንገርዎ በፊት ግን የዶሮውን ዋጋ ያስቡበት።

ስለ እንቅልፉ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሲያትል በሜዳው ማታ ሲጫወት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ስለሚሆን፣ ሥራ ያለው ሰው በየቀኑ ሊከታተለው አይችልም። እሑድ ከቀትር በኋላ የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ግን እኛ ዘንድ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ይጀምራሉ፤ ቡድኑ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ከተሞች ሲጓዝ ደግሞ የእሑዱ ጨዋታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም፣ ከራት በኋላ ቡናው ሲቀርብ ይጀምራል። እነዚያን አብራችሁ ተመልከቱ፤ ወርዋሪው ማን እንደሆነና ኳሱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበርር እሱ ያስረዳዎት። ሸሚዙን ቅዳሜ ጠዋት ይጠቡት፤ እስከ እሑድ ምሽት ይደርቅለታል።